ውሃው የሚዘጋበት ሳምንት

ትምህርቱ በሚጀመርበት ሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኢንገሊሰ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ትዘጋለች። ቀጥላ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ታጠፋለች። ይህን በዓመት ስድስት ጊዜ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። እኔ አሥራ አንዱን ዓመት በዚያ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስለነበርኩ ድምፁን ለምጄዋለሁ፤ ቧንቧው ሁለት ሦስት ጊዜ ያጓራና ዝም ይላል። ከዚያ እስከ ዓርብ ድረስ ውሃ የሚገኘው ከግቢው ጉድጓድ በባልዲ ተጎትቶ ነው።

ቤቱ ከሌምቪ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ በማያርፍበት ሜዳ ላይ ያለ የድሮ የእርሻ ቤት ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ገዝቶት፣ ወደ ድሃ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ሰዎችን ለአምስት ቀን ያለማምድበት ነበር። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ባልዲ ውሃ ይሰጠዋል፤ ለመጠጡም፣ ለገላውም፣ ለልብሱም እሱው ነው። ሽንት ቤቱ ከጎተራው ጀርባ የተቆፈረ ጉድጓድ ሲሆን፣ ከላዩ የሲሚንቶ ወለልና ሁለት የእግር መርገጫ አለው። መኝታው መሬት ላይ የተነጠፈ ስስ ፍራሽ ነው፤ ከላዩ አጎበር። ምግቡ ሩዝና ባቄላ፣ በማግስቱም ባቄላና ሩዝ። የሚበስለው ግቢ ውስጥ፣ በጉልቻ ላይ ስለሆነ የእኔ ሥራ ማብሰል አልነበረም። እርጥብ እንጨት እያጨሰባቸው ዓይናቸውን የሚያሹትን ሰዎች መመልከት፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ጠጋ ብዬ እሳቱን ማስተካከል ነበር።

ኢንገሊሰ ቤቱ በተዘጋበት ዓመት ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽበቷን በወጥ ቤት መቀስ ራሷ የምትቆርጥ ሴት ናት። ዳሌዋን ስለሚያማት ደረጃ ስትወርድ ሁልጊዜ ግራ እግሯን ታስቀድማለች። ቱቦሮን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተወለደች የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ በሃያ ስምንት ዓመቷ ማላዊ ሄደች፤ ሐይቁ አጠገብ ባለች አንዲት የገጠር ሆስፒታል ስምንት ዓመት አዋላጅ ሆና ሠራች። እናቷ ስትታመም ተመለሰች። አይናር የሚባል የወተት መኪና ሾፌር አግብታ ስድስት ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ሳይጣሉ ተለያዩ። አንድ ቀን ቁርስ ላይ የሚነጋገሩት እንዳለቀ ሁለቱም አወቁ፤ የነገረችኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ልጅ የላትም። ወደ ሆስፒታል ሥራ ተመልሳ በሽተኛ ስታነሳ ስታጋድም ወገቧ ሲጎዳባት፣ ይህን ማሠልጠኛ ያዘች።

መጀመሪያ ሳውቃት በሥራዋ ትስቅ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ሻንጣቸውን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እንዲዘረግፉ ታደርግና እያንዳንዱን ዕቃ አንስታ ለምን እንዳመጡት ትጠይቃለች። የፀጉር ማድረቂያ ይዘው የመጡ ነበሩ። አርባ ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት ጭኖ የመጣ መምህር ነበር። ሱሪዎቿ በሙሉ ነጭ የሆኑ ሴትም ነበረች። ያኔ ኢንገሊሰ ትቀልዳለች፤ እነሱም በራሳቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ ስለ ውሃ ማከሚያው ኪኒን፣ ስለ ወባው፣ ሳይታጠብ ስለሚያድር ቁስል ስትነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሳቁ ቀረ። ዕቃውን ዝም ብላ በሁለት ወገን ትለየዋለች፤ የሚሄድና የሚቀር። ትምህርቱንም ባቡር ጣቢያ ላይ የመነሻ ሰዓት እንደሚያስታውቅ ሰው ነበር የምትናገረው። ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ ውስጡ ግን እሷ የለችበትም።

በሳምንቱ መጨረሻ ስለ እያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ላይ መፈረም የእሷ ሥራ ነበር፤ ይሄዳል ወይም አይሄድም ብላ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አይሄድም ያለችው ለሰባት ሰው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ያሳለፈችው ወጣት መምህር በሄደ በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አፍሪካ ያለ ሲመስለው፣ ሁለት ወር ሙሉ እናቱ ቤት መጋረጃ ዘግቶ ተቀመጠ። እናቱ ደውላ ነገረቻት። ኢንገሊሰ ሁለት ሰዓት መኪና ነድታ ሄዳ አብራው ተቀመጠች፤ ምን እንደተባባሉ አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ ግን ስትፈርም እስክሪብቶውን ከወረቀቱ በላይ ይዛ ትቆይ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ጥቅምት ላይ ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ከጥር ጀምሮ መሰናዶው በኮምፒውተር፣ በሁለት ምሽት እንደሚሰጥ፣ ቤቱም እንደሚሸጥ ይናገራል። ኢንገሊሰ እንደቆመች አነበበችው። አጣጥፋ የዳቦ ሣጥኑ ሥር አደረገችውና፣ ለኅዳሩ ቡድን ምን ያህል ባቄላ እንደቀረ ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት ኪሎ አልኳት። ይበቃል አለች።

ለመጨረሻው ሳምንት የመጡት አምስት ነበሩ። አራቱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በደንብ የማስታውሰው የእንስሳት ሕክምና የምትማረውን ሬጊዘን ነው፤ አፏ አያርፍም ነበር። አምስተኛው ቶርኪል ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከስትሩወር የመጣ፣ ጡረታ የወጣ ግንበኛ። እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ማላዊ ሄዶ ሦስት ወር ተቀምጦ ትምህርት ቤት ሊገነባ ነው።

ተራው ደርሶ ሻንጣውን ሲዘረግፍ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆነ። ሁለት አጎበር፣ ሁለት የቆርቆሮ ሳህን፣ ሁለት የግንባር ባትሪ፣ ሁለት የዝናብ ልብስ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከሥር ገና ያልተጫማ የሴት ሰንደል ወጣ። ሬጊዘ፣ "መንታ ነህ እንዴ አንተ?" ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ቶርኪል ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በሰማያዊ እስክሪብቶ በጥንቃቄ የተጻፈ የዕቃ ዝርዝር ነበር።

"ባለቤቴ ዩተ ናት የጻፈችው" አለ። "ሁለታችንንም ያስመዘገበችን እሷ ናት። ሚያዝያ ላይ አረፈች። እኔ ዝርዝሩን እንዳለ ነው የሸከፍኩት። የቱን ላስቀር፣ አላወቅኩበትም።"

ሬጊዘ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ኢንገሊሰ ያንን ዕቃ በሁለት ወገን አልለየችውም። አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ሻንጣው መለሰችው፤ ሰንደሉን በጋዜጣ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቶርኪል ከሁሉም የሚሻል ይመስል ነበር። እሳት ማንደድ ያውቃል። ባልዲ ከጉድጓድ ሲያወጣ ጠብታ አይፈስበትም። ወጣቶቹ ጎተራ ውስጥ በጣሳ ውሃ ሲታጠቡ ጩኸታቸው ግቢውን ይሞላዋል። አንድ ጊዜ ሬጊዘ ሳሙና ዓይኗ ገብቶ፣ ውሃዋም አልቆባት፣ አንድ ኩባያ ውሃ ላመጣልኝ ሰው ዕድሜ ልኬን አበስልለታለሁ እያለች ስትለምን፣ አንደኛው ልጅ ከውጭ ሆኖ ባቄላሽን ቀምሰነዋል፣ ይቅርብን ብሎ መለሰላት። ቶርኪል ግን በሩብ ባልዲ ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ በተረፈው ካልሲውን አጥቦ ይወጣል።

ማክሰኞ ራት ላይ ሳህኑን አየሁት። ሁለት ማንኪያ ያህል በልቶ የቀረውን ለወጣቶቹ አካፈለ። ረቡዕ ቁርስም እንደዚያው። ሻይ ስሰጠው ከንፈሩን ያስነካና መልሶ ያስቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሳበስል ስለኖርኩ፣ አልራበኝም ብሎ የሚተወውንና እየራበው የሚተወውን ሰው እለያለሁ። ሄጄ ለኢንገሊሰ ነገርኳት።

"ትልቅ ሰው እኮ ነው፣ ቪብከ" አለችኝ፤ ቪብከ እኔ ነኝ። "ሐዘን ላይ ላለ ሰው ምግብ አይወርድለትም።"

ወገቧን በእጇ ደግፋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። የደከመው ሰው መልስ እንደሆነ ገባኝ። እኔም ነገሩን ተውኩት፤ መተው አልነበረብኝም።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሬጊዘ እየሮጠች ወጥ ቤት ገባች። ቶርኪል ሁለት ባልዲ ይዞ ከጉድጓዱ ሲመለስ፣ ግቢው መካከል ላይ፣ ከኋላው ወንበር ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ተቀምጧል። ባልዲዎቹ ተደፍተዋል። ስንደርስ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ምንም አልሆንኩም ይላል። ኢንገሊሰ ሁለት ጣቷን አንገቱ ላይ አሳርፋ የልቡን ምት ቆጠረች። የእጁን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው እንደተጨማደደ ቀረ። ወጣቶቹን እንጨት ልቀሙ ብላ ላከቻቸውና፣ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ደግፈን ወጥ ቤት አስገባነው።

ውሃ፣ ስኳርና ጨው በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ግማሽ ኩባያ ከጠጣ በኋላ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

"ጠጣ እንጂ" አለችው።

"ይበቃኛል። ከዚህ በላይ ከጠጣሁ ሆዴ ይንቀሳቀሳል።"

"ይንቀሳቀስ። ምን አለበት?"

ቶርኪል በመስኮቱ በኩል ወደ ጎተራው ጀርባ ተመለከተ። ኢንገሊሰ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሰኞ።"

ከዚያ ቀስ በቀስ ተናገረ። ቀኝ ጉልበቱ በቀዶ ጥገና በብረት የተተካ ነው፤ ግራው ደግሞ አርባ ዓመት ተንበርክኮ ወለል ሲያነጥፍ ደቅቋል። ቁጢጥ ማለት አይችልም። ሰኞ ዕለት ግድግዳውን ይዞ ሞክሮ ወደ ኋላው ወደቀ፤ በምን ላይ እንደወደቀ ልናገር አልፈልግም አለ። ሱሪውን በዚያችው በተሰጠችው ውሃ አጥቦ ጎተራ ውስጥ ደብቆ አሰጣው። ካልበላሁና ካልጠጣሁ አምስት ቀን ምን አላት ብሎ ነው የወሰነው።

"አምስት ቀን!" አለች ኢንገሊሰ። "ማላዊ እኮ ሦስት ወር ነው።"

"እዚያ ስደርስ ይታሰብበታል ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? በዚህ ዕድሜዬ፣ በእነዚህ ልጆች ፊት?" ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አቀረቀረ። "እንዲህ ያለውን ነገር ለዩተ ነበር የምነግራት። እሷ ትነግርሽ ነበር።"

ኢንገሊሰ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ብቻቸውን ልተዋቸው ብዬ ስነሳ በእጇ ምልክት ተቀመጪ አለችኝ። ከዚያ አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ከአፏ ያልወጣውን ነገር ተናገረች።

ማላዊ በደረሰችበት የመጀመሪያ ወር፣ የምትጠቀምበት ሽንት ቤት በር አልነበረውም። የሣር መከለያ ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር ስለሆነ ታካሚውም ልጁም በዚያ ያልፋል፤ አዲሷን ነርስ ለማየት ደግሞ ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። የእሷ ጉልበት ደህና ነበር፤ ያቃታት የሰው ዓይን ነው። መጠጣት ተወች። በዚያ ሙቀት በቀን ሁለት ኩባያ ውሃ እየጠጣች፣ እስኪመሽ እየጠበቀች ሦስት ሳምንት ቆየች። አንድ ቀን ማዋለጃው ክፍል ውስጥ የአንዲት ወላድ እጅ ይዛ፣ አይዞሽ እያለቻት ሳለ ራሷ ወደቀች። ጮሃ ሰው የጠራችላት ምጥ ላይ ያለችው ሴት ናት።

ያነሳቻት የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ሁሉም አማይ ናሲቤኮ ይሏታል፤ አማይ በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችም፤ አይታ አወቀች። በማግስቱ ጠዋት ኢንገሊሰን እጇን ይዛ ወደ ራሷ ቤት ጓሮ ወሰደቻት። ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ጨርቅ አውርዳ እንደ መጋረጃ በሁለት እጇ ዘረጋችው፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ጮክ ብላ መዝፈን ጀመረች። በየጠዋቱ፣ ለሁለት ሳምንት።

"ኋላማ ከሴቶቹ ጋር እየተሳሳቅኩ እሄድ ነበር" አለች ኢንገሊሰ። "ግን ያቺን ሴት አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳትም። አፈርኩ። ቋንቋውን ለምጄ ልነግራት ስዘጋጅ፣ ሥራውን ትታ ሌላ ከተማ ልጇ ጋ ሄዳለች አሉኝ።"

ቶርኪል አሁን ቀና ብሎ ያያታል።

"ይህን ለልጆቹ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?"

"የለም።"

"ለምን?"

"ውሃ እንዴት እንደሚታከም መናገር ይቀላል" አለች።

ፊቷን በመዳፏ አሸችና ወደ ነርስነቷ ተመለሰች። ልትዋሸው እንደማትፈልግ ነገረችው። አገሩ ውስጥ ሆኖ፣ ሐኪም በግማሽ ሰዓት በሚደርስበት ቦታ እስኪዝለፈለፍ ድረስ ዝም ያለ ሰው፣ እዚያ ሄዶ ምን ሊሆን እንደሚችል እሷ ታውቃለች። ወረቀቱ ላይ አይሄድም ብላ ነው የምትጽፈው።

"ጻፊ" አለ ቶርኪል። የቀረውን ውሃ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

ኢንገሊሰ ግራ እግሯን እያስቀደመች ወደ ምድር ቤት ወርዳ መዝጊያውን ከፈተችና ወደ ቤቱ ሽንት ቤት ላከችው። እኔ እስከማውቀው ውሃው ከዓርብ በፊት የተከፈተው ያን ቀን ብቻ ነው። ወጣቶቹ ከእንጨት ለቀማ ሳይመለሱ መልሳ ዘጋችው።

ሐሙስ ቁርስ ላይ ቶርኪል አልነበረም፤ ሬጊዘም አልነበረችም። ሻንጣውን ይዞ ሄዷል ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ከጎተራው ጀርባ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ስል፣ ቶርኪል ከፈረሰው የአሳማ ቤት የተረፈውን ጡብ በመዶሻ እያጸዳ፣ ሬጊዘ እስከ ክርኗ ተለውሳ ኖራና አሸዋ ታቦካለች። ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ግንብ ተነስቷል፤ መሃሉ የተቆረጠ ጣውላም አጠገቡ ተደግፎ ቆሟል። ለወጣቶቹ ጠዋት ራሱ ነግሯቸው ኖሯል፤ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ እርዱኝ ብሎ። አንዱ ጣውላ ቆረጠ፤ ሁለቱ ጡብ ተሸከሙ።

ቶርኪል ውሃ ልኩን ጡቡ ላይ አስቀምጦ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"ለሽንት ቤት ውሃ ልክ?" አለችው ሬጊዘ።

"ዘመም ካለ የሚወድቀው ማን ነው፣ አንቺ ነሽ?"

ኢንገሊሰ ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ቆማ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

"እዚያ ይህን አታገኝም" አለችው፤ ድምፅዋ ገና ከጠዋቱ ደክሟል።

"እዚያ ምን ልሠራ ነው የምሄደው ታዲያ?" አለ ቶርኪል ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። "ትምህርት ቤቱን በገለባ የሚሠሩት መሰለሽ?"

ሬጊዘ ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት። ኢንገሊሰም ሳቀች፤ አጭር፣ ሳል የመሰለ ሳቅ። ሳቋን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም።

ግን ከሐሳቧ አልተመለሰችም። ነገሩ የመቀመጫ አይደለም አለችው፤ በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ሲይዘው፣ ሆዱ ሲበላሽበት፣ ማን ዘንድ ሊሄድ እንደሆነ ጠየቀችው። ቶርኪል የግንበኛ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ለአንቺ ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ" አለ። "ዛሬ ለልጆቹ ለመናገር ሩብ ሰዓት። እዚያ ምናልባት አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።"

ኢንገሊሰ ካፖርቷን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ትምህርት ነበር። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ኢንገሊሰ ስለ እባብ ንክሻ ጀመረች፤ ያንን ክፍል ከእሷ እኩል በቃሌ አውቀዋለሁ። መሃል ላይ ቆመች። የምትናገረው የጠፋባት መስሎኝ ልጠቁማት ነበር።

"እናንተ የምታስቡት ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው" አለቻቸው። "ጉድጓዱን በሳምንት ትለምዱታላችሁ። ሰው ልትረዱ ነው የምትሄዱት። ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት እርዳታ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ፤ ውሃ የሚቀዱላችሁ፣ መንገድ የሚያሳዩአችሁ፣ ስትታመሙ የሚያነሷችሁ እነሱ ናቸው። ይህን ለመቀበል ነው መዘጋጀት ያለባችሁ። እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር።"

ከዚያ ስለ አማይ ናሲቤኮ ነገረቻቸው፤ በደረቁ፣ ምንም ሳታሳምር። ሲያልቅ ከወጣቶቹ አንዱ ብቻ ጨርቁ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጠየቀ። ቢጫ ነው አለችው፤ ዓሣ የታተመበት።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቶቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈረመች። የቶርኪልን ወደ መጨረሻ አቆየችው። እስክሪብቶውን ይዛ ስትቆይ እኔ ሥጋ እየቆረጥኩ ነበር፤ ልቤ ግን እዚያው ነበር። ይሄዳል ብላ ጻፈች። ከሥሩ ጉልበቱ እንደማይታጠፍ፣ ከፍ ያለ መቀመጫ እንደሚያስፈልገው፣ የሚቀበሉት ሰዎች አስቀድመው እንዲያውቁት ጨመረች። ጠርታ አሳየችው።

"ለአገሩ ሁሉ ነገርሽብኝ" አላት።

"አዎ፤ ልመደው" አለችው።

እኩለ ቀን ላይ ውሃው ተከፈተ። ቧንቧው ተንጓጉቶ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ ሰጠ። ወጣቶቹ ወደ ገላ መታጠቢያው ተሽቀዳደሙ። እኔ እንደ ልማዴ የአሳማ ሥጋ ጠብሼ ከድንችና ከነጭ ሶስ ጋር አቀረብኩ። ኢንገሊሰ አልታጠበችም፤ ለመብላትም አልመጣችም። ስፈልጋት ደጁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ደክሞኛል አለችኝ። ሥራው አይደለም አለች፤ ባልዲ መቁጠር ማንን ያደክማል። ያደከማት፣ ይህን ያህል ዓመት ትንሹን ነገር እየተናገረች ትልቁን ይዛ መክረሟ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ተናገረችው፤ ግን ቀለል ይለኛል ብላ ስትጠብቅ የባሰ ደከማት። እኔም ሥጋው ይቀዘቅዛል አልኳት።

ቶርኪል ጥር ላይ ሄደ። ሦስት ወር ሊቀመጥ አስቦ ሰባት ሳምንት ተቀመጠ፤ ሆዱ ተበላሽቶ፣ በላዩ ወባ ይዞት፣ ዘጠኝ ኪሎ ከስቶ ተመለሰ። ከአራቱ የመማሪያ ክፍሎች ሁለቱን ከአገሬው ግንበኞች ጋር አቁሟል። ለኢንገሊሰ ደውሎ ያወራላት ግን ስለ ክፍሎቹ አልነበረም። ባረፈበት ቤት ጓሮ በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫ ሠራ። የቤቱ ባለቤት እናት፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ ሞክረው ካዩት በኋላ ጠዋት ጠዋት መቀመጫው የእሳቸው ሆነ። እሱ ውጭ ቆሞ ተራ ይጠብቃል፤ እሳቸው ደግሞ አይቸኩሉም። ጎረቤቶችም ለእናቶቻችን ሥራልን ብለው መጡ። ሁለት ሳምንት በዚያ አለቀ፤ ማኅበሩ ደስ አላለውም። ትኩሳቱ ሲጀምረው ወዲያው ተናገረ። አሮጊቷ ሁለት ቀን አጠገቡ ተቀምጠው እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ሲቀያይሩለት፣ እሱ በቋንቋው እያወራ፣ እሳቸው በቋንቋቸው እየመለሱለት ከረሙ። ተመልሶ ይሄድ እንደሆነ ኢንገሊሰ ጠይቃው፣ መጀመሪያ ሱሪዬ ወገቤ ላይ ይቁም አላት።

ቤቱ የካቲት ላይ ተሸጠ። የገዛው ሰው የገና ዛፍ ያመርታል፤ ጎተራውን አፍርሶ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ በአፈር ሞላው። እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባሁ። ኢንገሊሰ ሌላ ሥራ አልፈለገችም። ለኮምፒውተሩ ትምህርት ሃያ ደቂቃ እንድትናገር ማኅበሩ ጠርቷት ሄዳ ነበር። ስለ ውሃው ተናገረች፣ ስለ ወባው ተናገረች፣ የአማይ ናሲቤኮንም ታሪክ ጨመረች። የምትቀርጸው ሴትዮ ረዘም ስላለ ይህን ታሪክ እናውጣው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ወባውን አውጡት፣ እሱን በመጽሐፍም ያገኙታል አለቻት። የቱን እንዳወጡ አታውቅም፤ አላየችውም።

መጋቢት ላይ ባሕሩ አጠገብ ባለው ቤቷ ልጠይቃት ሄድኩ። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት እንደምትተኛ ነገረችኝ፤ በሕይወቷ እንዲህ ተኝታ አታውቅም። ድካሙ ግን ገና አለቀቃትም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ጥቁር ዳቦ በተጠበሰ ዓሣ በላን፤ ስለ ጎረቤቷ ውሻ፣ ስለ እኔ አዲስ አለቃ አወራን። ከዚያ እስከ ባሕሩ ዳር በእግር እንሂድ አለች። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታናል፤ ዳሌዋ ሲያማት ታየኛለች፤ እሷ ግን ትሄዳለች። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ቆመች። ቀስ ብለን እንድረስ፣ የቀረን ትንሽ ነው አልኳት።

"አይ ቪብከ፣ አልችልም" አለች። "ክንድሽን ስጪኝና እንመለስ።"

ክንዴን ሰጠኋት። ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ፤ እንደዚያ ሆነን ወደ ቤት ተመለስን።